ሦስተኛው ፔዳል፦ ማንዋል ካምቢዮን ለምን እመርጣለሁ?

(በሜካኒካል ምሕንድስና ትምህርት ክፍል የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ)



የዛሬው ገለጻዬ መነሻ ከቤቴ የመጣ ጥያቄ ነው። ባለፈው ክረምት ልጄ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ስትዘጋጅ፣ ማንዋል በሆነ መኪና እንድትለማመድ መከርኋት። እርሷም፣ «አባዬ፣ አንተ ራስህ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ታስተምራለህ። ነገ ለሚጠፋ ነገር ዛሬ ለምን እደክማለሁ?» አለችኝ። የመለስሁላት፣ «ግዴለም ተለማመጂ፣ ይጠቅምሻል» ብዬ ነው። ከአንድ መምህር የሚጠበቅ መልስ አልነበረም። አባትነቴን ምርኩዝ አድርጌ ጥያቄውን ዘለልሁት። ስለዚህ ዛሬ በእናንተ ፊት፣ እርሷም ከኋለኛው ረድፍ ተቀምጣ እየሰማችኝ፣ መልሱን በሥርዓቱ ለመስጠት እሞክራለሁ።

አስቀድሜ አቋሜን ልናገር። እኔ ማንዋል መኪና እመርጣለሁ። ሆኖም ምርጫ ራሱን የቻለ ማስረጃ አይደለም። የማንዋል ወዳጆች ከምንደረድራቸው ምክንያቶች ገሚሶቹ በዘመናቸው እውነት የነበሩ፣ ዛሬ ግን ጊዜ የጣላቸው ናቸው። ገሚሶቹ አሁንም ጸንተው ይቆማሉ። ሁለቱን መለየት የዚህ ገለጻ ዋና ሥራ ነው።

ካምቢዮ ለምን አስፈለገ?

ከመሠረቱ እንጀምር። በነዳጅ የሚሠራ ሞተር አንድ የተፈጥሮ ጉድለት አለበት፤ ቆሞ ሳለ ምንም ዓይነት ጠምዛዥ ኃይል አይሰጥም። የኤሌክትሪክ ሞተር ከዜሮ ዙር ጀምሮ ሙሉ ጉልበቱን ያወጣል። የነዳጅ ሞተር ግን በደቂቃ 800 ዙር ገደማ ካልዞረ እየተንቀጠቀጠ ይጠፋል፤ ደኅና ጉልበት የሚያሳየውም ከ1500 ዙር ወዲያ ነው። ጎማው ደግሞ ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መሮጥ ይኖርበታል። ይህን ጠባብ የሞተር ክልል ከዚያ ሰፊ የጎማ ክልል ጋር የሚያስታርቀው ካምቢዮ ነው።

በቁጥር እንየው። አንድ መካከለኛ አውቶሞቢል በአንደኛ ማርሽ 3.5 ለ1፣ በዲፍሪንሻሉ ደግሞ 4 ለ1 የሆነ ምጣኔ አለው እንበል። በድምሩ ሞተሩ 14 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ሞተሩ 140 ኒውተን ሜትር ቢሰጥ፣ ጎማው ጋ ሲደርስ ሰበቃ የሚወስደውን ትተን 1960 ኒውተን ሜትር ይሆናል። በአንጻሩ የጎማው ዙሪያ 1.9 ሜትር ከሆነ፣ በደቂቃ 3000 የሞተር ዙር መኪናው በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ብቻ ይሄዳል። በአምስተኛ ማርሽ፣ ምጣኔው 0.8 ሲሆን፣ ያው 3000 ዙር በሰዓት 107 ኪሎ ሜትር ይወስደዋል፤ ጠምዛዥ ኃይሉ ግን ወደ 448 ኒውተን ሜትር ይወርዳል። እንግዲህ ካምቢዮ ጉልበት አይፈጥርም፤ ይመነዝራል እንጂ። ፍጥነት ሰጥቶ ኃይል ይገዛል፤ ኃይል ሰጥቶ ፍጥነት ይገዛል።

ይህ ምንዛሬ በአገራችን የበለጠ ይሰማል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። አየሩ ስስ በመሆኑ ቱርቦ የሌለው ሞተር በባሕር ዳርቻ ከሚያገኘው አቅም ከአንድ አምስተኛ እስከ አንድ አራተኛ ያህሉን ያጣል። በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ሽቅብ የምትወጣ ትንሽ መኪና ስታቃስት ሾፌሩ ወደ ሁለተኛ የሚመልሳት ለዚህ ነው። ከፍታው የወሰደበትን አቅም ባያስመልስለትም፣ የቀረችውን በምጣኔ አብቃቅቶ ይጠቀምባታል።

ከሰበቃና ከእብደት የመጡ ስሞች

በጋራዦቻችን የሚነገሩት የካምቢዮ ቃላት ብዙዎቹ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፤ ትርጉማቸውን ማወቅ ደግሞ አሠራሩን ግማሽ በግማሽ ማወቅ ነው። ካምቢዮ ማለት ለውጥ ማለት ነው። ፍሪሲዮን ማለት እኛ በፊዚክስ ክፍል ሰበቃ የምንለው ነው። ማርሽ ሳይገባ ሞተሩ ብቻውን ሲዞር ፎሌ እንላለን፤ ይህ ቃል በጣሊያንኛ እብድ ማለት ነው። ከጎማው ጋር ያለውን ማሰሪያ ፈትቶ በራሱ የሚዞር ሞተር በእርግጥም እንዳበደ ይቆጠራል። ስለዚህ እብደት ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሦስተኛው ፔዳል የሚያዘው ፍሪሲዮኑን ነው። ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚዞር ቮላኖ የሚባል ከባድ መንኰራኵር አለ። ከእርሱ ፊት ለፊት ሸራ የለበሰ ዲስክ ይቀመጣል፤ ዲስኩን በምንጮች ጉልበት ቮላኖው ላይ የሚጫን ሳህን ደግሞ አለ። ፔዳሉን ስንረግጥ ሳህኑ ዲስኩን ይለቃል፤ ሞተሩና ካምቢዮው ይለያያሉ። ቀስ ብለን እግራችንን ስናነሣ ዲስኩ እየተንሸራተተ ይያዛል፤ በመጨረሻ ሁለቱ እንደ አንድ አካል ይዞራሉ።

ለተማሪዎቼ አንድ የቤት ሥራ እነሆ። ሞተሩ በቋሚ ዙርና በቋሚ ጠምዛዥ ኃይል እየሠራ ከሆነ፣ መኪናዋ ከቆመችበት ተነሥታ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ እስኪይዝ ድረስ ሞተሩ ከሰጠው ጉልበት በትክክል ግማሹ ሙቀት ሆኖ እዚያው ዲስኩ ላይ ይቀራል። ስሌቱ ሁለት መስመር ነው፤ ሞክሩት። ዳገት ላይ መኪናቸውን በፍሬን በመያዝ ፈንታ በፍሪሲዮን እያንጠለጠሉ መብራት የሚጠብቁ ሰዎች ግን ከግማሹም አልፈው ሁሉንም ያቃጥላሉ፤ መኪናዋ ስላልሄደች ከጉልበቱ ወደ ጎማ የሚደርስ ምንም የለምና። ያ የተቃጠለ ሸራ ሽታ የዚህ ስሌት ውጤት ነው።

ማርሽ መቀየርም የራሱ ጥበብ አለው። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ፈረንሳዊው ኤሚል ሌቫሶር በሠራው ካምቢዮ ጥርሶቹ እየተንሸራተቱ እርስ በርስ ይገቡ ነበር። ፍጥነታቸው ካልተስማማ ይጮኻሉ፤ ይሰበራሉም። በዚያ ዘመን ሾፌር ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ እየረገጠ፣ በመካከል ነዳጅ እየሰጠ፣ ጥርሶቹን በጆሮው ማስማማት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1928 ካዲላክ ሲንክሮናይዘር የተባለውን ሥርዓት ለገበያ አቀረበ። ጥርሶቹ ከመግባታቸው በፊት ሾጣጣ ቀለበት ተሳብቆ ፍጥነታቸውን ያስተካክላል። ዛሬ ማርሽ ያለ ድምፅ የሚገባልን በዚህ ትንሽ ቀለበት ነው። እንግዲህ ማንዋል የምንለውም መኪና ቢሆን ከሾፌሩ ትከሻ ብዙ ሥራ ያወረደ መሣሪያ መሆኑን አንዘንጋ።

ማሽኑ እንዲመርጥልን

ሥራውን ጨርሶ ከሾፌሩ የመውሰድ ሐሳብ ያረጀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 የወጣው የፎርድ ሞዴል ቲ እንኳ ማርሹን የሚቀይረው በእግር ፔዳል ሲሆን፣ ውስጡም የዛሬው አውቶማቲክ መሠረት የሆነውን ፕላኔታዊ ማርሽ የያዘ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1939 ጄኔራል ሞተርስ ሃይድራማቲክ የተባለውን ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ ለኦልድስሞቢል መኪኖች አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1948 ደግሞ ቡይክ ቶርክ ኮንቨርተር የተገጠመለትን ዳይናፍሎው አስከተለ።

የቶርክ ኮንቨርተር አሳብ ቀላል ነው። ሁለት ማራገቢያዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ አንዱ ሲዞር በነፋሱ ሌላውን ያዞረዋል ብላችሁ አስቡ። በነፋስ ፈንታ ዘይት አድርጉ። በመካከላቸው የዘይቱን አቅጣጫ የሚመልስ ሦስተኛ አካል ጨምሩ፤ በዚህም ጠምዛዥ ኃይሉ በመነሻው ላይ ይባዛል። ሞተሩና ጎማው በብረት ስላልተያያዙ መኪናዋ ቆማ ሞተሩ ሊዞር ይችላል፤ ፍሪሲዮን የሚረግጥ እግር አያስፈልግም። ዋጋው መንሸራተት ነበር። ዘይቱ በታመሰ ቁጥር ጉልበት ሙቀት ሆኖ ይባክናል።

ከዚያ ወዲህ መንገዶቹ በዙ። እ.ኤ.አ. በ1958 የሆላንዱ ዳፍ በቀበቶ የሚሠራና ማርሽ የሌለው ቫርዮማቲክን አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2003 ፎልክስዋገን ሁለት ፍሪሲዮን ያለውን ካምቢዮ በብዛት ለሚመረት መኪና አቀረበ፤ አንዱ ፍሪሲዮን ጎደሎ ቁጥር ማርሾችን፣ ሌላው ሙሉ ቁጥሮችን ይይዛል፤ የሚቀጥለው ማርሽ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

ውጤቱን ታውቁታላችሁ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 ከአዲስ መኪኖች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ማንዋል ነበሩ፤ ዛሬ ከመቶ ሁለት አይሞሉም። በአውሮፓ ማንዋል ረዘም ላለ ጊዜ ቆየ። በብሪታንያ እስከ ዛሬ በአውቶማቲክ የተፈተነ ሰው ማንዋል እንዲነዳ አይፈቀድለትም፤ በማንዋል የተፈተነው ግን ሁለቱንም ይነዳል። ይሁን እንጂ እዚያም ዘንዶው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይጓዛል።

ጊዜ የጣላቸው ምክንያቶች

አሁን በራሴ ወገን ላይ ልፍረድ።

የመጀመሪያው የታወቀ ክርክር፣ «ማንዋል ነዳጅ ይቆጥባል» የሚለው ነው። ባለ ሦስትና ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲኮች በነበሩበት ዘመን ይህ እውነት ነበር። ዛሬ ግን ቶርክ ኮንቨርተሩ ከመነሻው በኋላ በራሱ ፍሪሲዮን ይቆለፋል፤ መንሸራተቱም ያበቃል። ማርሾቹ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ ዐሥር ደርሰዋል። ኮምፒዩተሩ ሳይሰለችና ሳይናደድ ሞተሩን ከሚመቸው ዙር ላይ ያቆየዋል። እኔ ወደ ቤቴ ስቸኩል እንዲህ አላደርግም። ስለ አሮጌ አውቶማቲኮች ካልሆነ በስተቀር ይህን ክርክር ብንተወው ይሻላል።

ሁለተኛው፣ «ማንዋል ይፈጥናል» የሚለው ነው። ባለ ሁለት ፍሪሲዮኑ ካምቢዮ የሰው እጅና እግር ከሚችሉት በላይ በሆነ ፍጥነት ማርሽ ይቀይራል። ይህም ክርክር አብቅቶለታል።

ሦስተኛው ደግሞ ክርክር ሳይሆን ኩራት ነው፤ «አውቶማቲክ የሚነዳ ሾፌር አይደለም» የሚለው። በዚህ ላይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። በግራ እግሩ ላይ ጉዳት ያለበት የሥራ ባልደረባ ነበረኝ። ለዓመታት ቤተሰቡን የሚያመላልሰው ሌላ ሰው ነበር። አውቶማቲክ መኪና ባገኘ ማግሥት ልጆቹን ራሱ ትምህርት ቤት አደረሰ። ያን ቀን የነገረኝን ደስታ ሳስታውስ በሦስተኛው ፔዳል መመካት ያሳፍረኛል። ከዚህም ሌላ፣ በምሽት ከመገናኛ ወደ ሜክሲኮ በሚሄድ ሰልፍ ውስጥ ፍሪሲዮን ስትረግጥና ስትለቅ ያመሸች ጉልበት የምትነግረኝን እኔው አውቃለሁ። አውቶማቲክ ለብዙ ሰው ነጻነት ነው። ምርጫዬ የማንንም ነጻነት ማሳነሻ እንዲሆን አልፈልግም።

ጣርማ በር

እንግዲህ የሚቀረው ምንድን ነው? እዚህ ላይ አንድ የራሴን ታሪክ ልንገራችሁ፤ ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው።

ረዳት መምህር ሆኜ በተቀጠርሁ በሁለተኛው ዓመት፣ አራት ማርሽ ያላት አሮጌ መኪና ገዝቼ እናቴንና አጎቴን ይዤ ወደ ወሎ ወረድሁ። አጎቴ ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ደብረ ብርሃንን አልፈን፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቆፈረውን የጣርማ በር ዋሻ ወጣን። ከ3000 ሜትር ከሚበልጥ ከፍታ ደብረ ሲናን አቋርጦ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ የሚወርደው ጠመዝማዛ ጀመረ። እኔ በአራተኛ ማርሽ፣ አንዳንዴም ነዳጅ ልቆጥብ ብዬ በፎሌ፣ ፍሬኑን እየነካሁ ወረድሁ። ተርሞዳይናሚክስ የማስተምር ሰው ነበርሁ።

ከደብረ ሲና በታች ፔዳሉ መለስለስ ጀመረ። ቀጥሎ እንደ ስፖንጅ ሰመጠ። የሚያቃጥል ሽታ ገባ። እናቴ ከኋላ ሆና ስለ ልጅነቴ ታወራለች፤ ምንም አላወቀችም። አጎቴ ግን ሽታውን ከእኔ በፊት ያውቀዋል። ድምፁን ሳያነሣ፣ «ልጄ፣ ሦስተኛ አስገባ። አሁን ሁለተኛ። ፍሬኑን ተወው፤ ሞተሩ ይያዝልህ» አለኝ። ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናዋ ከኋላዋ ገመድ እንደ ታሰረባት ያህል ተያዘች። በእጅ ፍሬን እየረዳሁ ከመንገዱ ዳር አቆምሁ። አጎቴ ወርዶ ጎማዎቹን ዞሮ አየና፣ «በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ይህን ዩኒቨርሲቲ አያስተምሩም?» አለኝ።

አላስተማሩኝም ልል አልችልም። ፊዚክሱን ተምሬው ነበር፤ ከእጄና ከእግሬ ጋር ግን አልተዋወቀም ነበር። እስኪ አሁን እናስላው። 1400 ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪና 1000 ሜትር ቁልቁል ስትወርድ 13.7 ሚሊዮን ጁል እምቅ ጉልበት ትለቃለች። ይህ ጉልበት ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ከ20 ዲግሪ ወደ 100 ዲግሪ ለማሞቅ የሚበቃ ነው። የፍሬኑ ብረቶች በድምሩ 40 ኪሎ ግራም ቢሆኑና ሙቀቱን ሁሉ ሳይበርዱ ቢወስዱ፣ ከ750 ዲግሪ በላይ ይግሉ ነበር። በእርግጥ ነፋስ ያበርዳቸዋል፤ የጎማና የአየር ሰበቃም ድርሻውን ይወስዳል። ሆኖም ዘይቱ እንዲፈላ ከዚያ እጅግ ያነሰ ሙቀት ይበቃል። የፈላ ዘይት ደግሞ በውስጡ እንፋሎት ይፈጥራል፤ እንፋሎት ይታመቃል፤ ፔዳሉ ይሰምጣል። እኔ እግር ሥር የተሰማኝ ስፖንጅ ይህ ነበር።

አሁን ያንኑ 1000 ሜትር 20 ኪሎ ሜትር በሆነ መንገድ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ብንወርደው ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ የሚለቀቀው አቅም በአማካይ 7.6 ኪሎ ዋት ነው። በከባድ ማርሽ፣ ማለትም በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ የተያዘ የቤንዚን ሞተር አብዛኛውን ይህን አቅም ያለ ችግር ሊውጥ ይችላል። ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ የአየር መግቢያው ይዘጋል፤ ፒስተኖቹ በተዘጋ በር አየር ለመሳብ ይታገላሉ፤ የውስጥ ሰበቃውም ይጨመራል። ሙቀቱ ሙቀት ለመሸከም ወደ ተሠራው ክፍል፣ ወደ ሞተሩና ወደ ራዲያተሩ ይሄዳል፤ ፍሬኑ ለድንገተኛ ጉዳይ ቀዝቅዞ ይቆያል።

ስለ ፎሌም ቃል የገባሁትን ልፈጽም። ብዙ ሾፌሮች ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውጥተው በፎሌ መንሸራተት ነዳጅ የሚቆጥብ ይመስላቸዋል። ኢንጀክሽን ባላቸው መኪኖች ነገሩ ተቃራኒ ነው። ማርሽ ገብቶ ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ጎማው ሞተሩን ስለሚያዞረው ኮምፒዩተሩ ነዳጁን ጨርሶ ይዘጋል። በፎሌ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣቱን ይቀጥላል። ስለዚህ በፎሌ የሚወርድ ሰው ፍሬኑንም ነዳጁንም ያባክናል። ስሙ እብደት መሆኑ ያለ ነገር አልነበረም።

አንድ ሰው ተነሥቶ፣ «አውቶማቲክም እኮ ዝቅተኛ ማርሽ የሚመረጥበት ቦታ አለው» ሊለኝ ይችላል። ልክ ነው። ዘመናዊዎቹማ ቁልቁለቱን ራሳቸው አውቀው ይመልሳሉ። በብዙዎቹ ግን ሾፌሩ መጠየቅ አለበት። የማያውቀውን ነገር ማንም አይጠይቅም። ዕድሜውን ሁሉ ዲ ላይ አድርጎ የነዳ ሰው፣ ከጎኑ የተጻፉት 2 እና ኤል ለምን እንደ ተጻፉ ሳያውቅ ጎሐ ጽዮን ላይ ደርሶ ወደ ዐባይ በረሃ ይወርዳል። ማንዋል ሾፌርን ግን የማርሽን ነገር ችላ ለማለት መኪናዋ አትፈቅድለትም።

ጋራዡና ገፊዎቹ

ሁለተኛው ጸንቶ የሚቆም ምክንያት ከቦታ ጋር የተያያዘ ነው። የማንዋል ካምቢዮ ሕመም በአብዛኛው በጆሮና በእጅ ይታወቃል፤ ፍሪሲዮን መቀየር በየትኛውም የወረዳ ከተማ ያለ መካኒክ የሚችለው ሥራ ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮ ግን የራሱ ዓይነት ዘይት፣ የተወሳሰበ የቫልቭ ሥርዓት፣ የራሱ ኮምፒዩተር፣ ለምርመራውም መሣሪያና የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል። እነዚህ ባሉበት ከተማ ልዩነቱ ይጠባል፤ በሌሉበት መኪናዋ ለሳምንታት ትቆማለች።

ባትሪ ሲሞትም እንዲሁ ነው። ማንዋል መኪና ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሪሲዮን ረግጦ፣ መንገደኛ እየገፋ ትነሣለች፤ ጎማው ሞተሩን ያዞረዋልና። ቶርክ ኮንቨርተር ያለው አውቶማቲክ በግፊት አይነሣም። በውስጡ ያሉትን ፍሪሲዮኖች የሚጨብጠው የዘይት ግፊት ነው፤ ግፊቱን የሚሰጠው ፓምፕ ደግሞ የሚዞረው በሞተሩ ነው። ሞተሩ ከሞተ የሚጨብጥ እጅ የለም። በዚያው ምክንያት እንዲህ ያለው መኪና ነጂ ጎማዎቹ መሬት ነክተው ረዥም መንገድ ቢጎተት ያለ ቅባት ስለሚዞር ይጎዳል። ይህ የአውቶማቲክ ስንፍና አይደለም፤ የተመረጠው አሠራር ያስከተለው ዕዳ ነው።

ያለ ካምቢዮ የሚመጣው ዘመን

አሁን ወደ ልጄ ጥያቄ ልመለስ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። በየመንገዳችን የኤሌክትሪክ መኪኖች ቁጥር ሲጨምር በዓይናችን እናያለን። የኤሌክትሪክ ሞተር ከዜሮ ዙር ጉልበት ስላለው፣ በሰፊ የዙር ክልልም ስለሚሠራ፣ አንድ ቋሚ ምጣኔ ይበቃዋል። ከተማ ውስጥ የምናያቸው የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች ፍሪሲዮን የላቸውም፤ ማርሽ መቀየሪያ የላቸውም። ማንዋልና አውቶማቲክ የሚለው ክርክር ራሱ ትርጉም ያጣል።

በቁልቁለትም ቢሆን የኤሌክትሪክ መኪና ከሁለቱም ይበልጣል። ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ያን 13.7 ሚሊዮን ጁል፣ ማለትም 3.8 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል። እኛ ሙቀት አድርገን የምንበትነውን እርሱ ስንቅ ያደርገዋል። እንደ መሐንዲስ ከዚህ የበለጠ የሚያስደስተኝ ነገር የለም።

ግን ልብ በሉ። ከረዥም ቁልቁለት አናት ላይ ባትሪውን እስከ መቶ ሞልቶ የሚወርድ ሰው ምን ይገጥመዋል? የሞላ ባትሪ ተጨማሪ መቀበል አይችልም። ሥርዓቱ መልሶ መሙላቱን ይቀንሳል ወይም ያቆማል፤ መኪናዋን የመያዝ ሸክምም ወደ ፍሬኑ ብረቶች ይመለሳል። መኪናዋም በባትሪዋ ክብደት ከአቻዋ የነዳጅ መኪና ብዙውን ጊዜ ትከብዳለች። ከረዥም ቁልቁለት በፊት ባትሪውን ጥቂት ጎደል አድርጎ መነሣት፣ ዝግ ብሎ መውረድ፣ ፍሬኑን ማሳረፍ እንዳለበት የሚያውቀው ማን ነው? የሚወርደው ጉልበት የሆነ ቦታ መሄድ እንዳለበት የገባው ሰው ነው። አጎቴ ኤሌክትሪክ መኪና ነድቶ አያውቅም፤ ነገር ግን ይህን ጥያቄ ብጠይቀው መልሱን የሚያገኘው ይመስለኛል።

እነሆ የምርጫዬ ሥር እዚህ ላይ ነው። ማንዋል ካምቢዮን የምወደው በፍጥነቱም፣ በቁጠባውም አይደለም። በየቀኑ፣ በየዳገቱና በየቁልቁለቱ፣ «ጉልበቱ ከየት መጣ? ወዴትስ ይሄዳል?» ብሎ ስለሚጠይቀን ነው። ፍሪሲዮኑ ሰበቃን በእግራችን፣ ማርሹ ምጣኔን በእጃችን፣ የሞተሩ ድምፅ ዙርን በጆሯችን ያስተምረናል። አውቶማቲክ ይህን ሁሉ ሥራ በትሕትና ይሠራልናል፤ ጥያቄውንም አብሮ ይወስድብናል። ሥራው ሲወሰድልን ደስ ይለናል። ጥያቄው ሲወሰድ ግን የምናጣው እንዳለ እንኳ ላናውቅ እንችላለን።

ስለዚህ ለትምህርት ክፍላችንም አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከወርክሾፓችን አሮጌዎቹን ካምቢዮዎች አውጥተን ለመጣል ስንወስን፣ ቢያንስ አንዱን ከፍተን ተማሪዎች በእጃቸው ማርሽ የሚያስገቡበት ቦታ እናስቀምጥ። የአሽከርካሪዎች ማሠልጠኛ ተቋማትም ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ሲሸጋገሩ፣ ማርሽ መቀየርን ሲተዉ የቁልቁለትን ትምህርት አብረው እንዳይተዉ ልንመክራቸው ይገባል። መሣሪያው ያልፋል፤ ያስተማረን ነገር ግን አብሮት ማለፍ የለበትም።

ልጄ ሆይ፣ መልሴ ይህ ነው። ማርሽ መቀየርን ተማሪ ያልሁሽ ዕድሜሽን ሁሉ እንድትቀይሪ አይደለም። አንድ ቀን ማርሽ በሌላት መኪና ተራራ ስትወርጂ፣ ከእግርሽ በታች የሚሆነውን እንድታውቂ ነው። በሁለት ወር ልምምድ የምታገኚው ይህ ዕውቀት እኔን ከብዙ ዓመት ትምህርት በኋላ ሊያመልጠኝ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ያን ጊዜ ደግሞ አያትሽ ከኋላ ወንበር ነበረች። ከዚህ በኋላ የምትመርጪው መኪና የራስሽ ምርጫ ነው።